ሳጥኑ መንገድ ላይ ሲቀር

የኢሜይል ሳጥንን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው ማዛወር ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ከዚያ ገልብጦ እዚህ ማስቀመጥ። ሲሠሩት ግን ዝውውሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ይልና አስተዳዳሪውን እንቅልፍ ይነሳዋል። ይህ ችግር ከኢሜይል ሰርቨሮች ጋር አብሮ ያደገ ነው።

በዩኒክስ ሰርቨሮች ላይ የአንድ ሰው ደብዳቤ ሁሉ ተከትሎ የሚጻፈው ኤምቦክስ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ነበር። አዲስ መልእክት መጀመሩ የሚታወቀው «ፍሮም» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በሚጀምር መስመር ነው። ታዲያ ጸሐፊው ራሱ በደብዳቤው መካከል አንዱን መስመር በዚሁ ቃል ቢጀምረውስ? ጠንቃቃ ፕሮግራም ከቃሉ ፊት «>» ምልክት ይጨምርበታል። ግዴለሹ እንዳለ ያልፈዋል፤ አንዱ ደብዳቤም አዲሱ ሰርቨር ላይ ሲደርስ ለሁለት ተቆርጦ ይገኛል። ፋይሉ ሳይቆለፍ ሲገለበጥ አዲስ መልእክት ከገባ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ዳንኤል በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኪውሜይል ለተባለው የኢሜይል ሰርቨር ባዘጋጀው ሜይልዲር እያንዳንዱን መልእክት በየራሱ ፋይል ማስቀመጡ ከዚህ ጣጣ ብዙውን አቃለለ።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ኤክስቼንጅ የተባለው የኢሜይል ሰርቨር በተቃራኒው የብዙ ሰው ሳጥን በአንድ ዳታቤዝ አጨቀ። ለሃምሳ ሠራተኞች የተላከ አንድ ሰነድ በዚያ ዳታቤዝ ውስጥ አንዴ ብቻ ይቀመጥ ነበር። ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ይህ አሠራር በ2010ሩ እትም ሙሉ በሙሉ ስለቀረ ወደዚያ የተዛወሩ ሳጥኖች አዲሱ ቤት ሲገቡ ወፍረው ተገኙ። የዲስኩን ስፋት በድሮው ዳታቤዝ መጠን ያሰላ አስተዳዳሪ ጉድ ፈላበት። ዲስክ የሚያጣብበው ሌላም ነገር አለ፦ በዝውውሩ የገባው ዳታ ሁሉ ተቀባዩ ሰርቨር ሎግ ላይም ይጻፋል። ባክአፕ ተሠርቶ ሎጉ ካልጸዳ ዲስኩ ይሞላል፤ ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ ይዘጋል፤ ያኔ የሚቸገረው ተዛዋሪው ብቻ ሳይሆን ቀድሞ እዚያ የነበረው ሁሉ ነው።

እስከ 2007ቱ እትም ድረስ ሳጥኑ ሲዛወር ባለቤቱ መጠቀም ስለማይችል ሥራው ለሌሊትና ለቅዳሜና እሁድ ይተው ነበር። በ2010ሩ እትም ዝውውሩን ሰርቨሩ ላይ ያለ ራሱን የቻለ አገልግሎት ተረከበው። ባለቤቱ እየሠራ ሳጥኑ ከኋላ ይገለበጣል፤ የሚዘጋበት መጨረሻ ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ቢቋረጥም ከቆመበት ይቀጥላል። አዲስ አሠራር ግን አዲስ ስንክሳር አመጣ። የተጠናቀቀው የዝውውር ጥያቄ ካልተሰረዘ ያንኑ ሳጥን ዳግም ማዛወር አይቻልም፤ የፍለጋ ማውጫው ወደኋላ ከቀረ ደግሞ ዝውውሩ እሱን እየጠበቀ ይቆማል። ይህን ያላወቀ ሰው የተሰበረ ነገር ሲፈልግ ይውላል።

ከሁሉ አስቸጋሪው የተበላሸ መልእክት ነው። የኤክስቼንጅ 2003 የማዛወሪያ መስኮት ለአስተዳዳሪው ምርጫ ያቀርብ ነበር፦ ብልሽት ሲገኝ ማቆም ወይስ እስከዚህ ቁጥር ድረስ እየዘለሉ መቀጠል? በ2010ሩ እትም እንዲዘለል የሚፈቀደው ቁጥር መነሻው ዜሮ ሆነ፤ አንድ የተበላሸ የቀን መቁጠሪያ ቀጠሮ ሙሉውን ሳጥን ያስቀራል። ከ50 በላይ መዝለል የፈለገ ብዙ ዳታ ቢጠፋ መስማማቱን በተጨማሪ ትዕዛዝ ማረጋገጥ አለበት። ወደ ክላውድ በሚደረግ ዝውውር ከሥራ የለቀቁና ስማቸው ከሰርቨሩ የተሰረዘ ሰዎች በፎልደሩ ላይ የነበራቸው ፈቃድ ሳይቀር እንደ ብልሽት ሲቆጠር ታይቷል። እዚህ ላይ ጠፋ የተባለው ደብዳቤ አይደለም፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ግን ይህን አያውቅም።

በዚህ ምክንያት ቁጥሩን ከፍ ማድረግ የአስተዳዳሪዎች ፈጥኖ ደራሽ መድኃኒት ሆነ። ዝውውሩ ያልፋል፣ ስልኩ ዝም ይላል። የሌላ ሰው ደብዳቤ ስንቱ ቢቀር ግድ የለም ብሎ የሚወስነው ግን ባለቤቱ ሳይሆን ሌሊት የደከመው ባለሙያ ነው፤ ይህ ደግሞ ልክ አይደለም። ማይክሮሶፍት ራሱ በኋላ በክላውድ አገልግሎቱ ከቁጥር ወደ ደረጃ ዞሯል፤ በዝቅተኛው ደረጃ የተመደበ ዝውውር የድጋፍ ክፍሉ ሳያየው አይጠናቀቅም።

የራሱን ሰርቨር የሚያስተዳድር ግን አሁንም ቁጥሩን በራሱ እጅ ያስገባል። ከዚያ በፊት የዝውውሩን ሪፖርት ይክፈት፤ የተበላሸው መልእክት ርዕስ፣ ቀንና የነበረበት ፎልደር እዚያ ተጽፏል። ዝርዝሩንም ለሳጥኑ ባለቤት ይላክለት።