ስለ ማይክሮዌቭ ምድጃ በር

የማይክሮዌቭ ምድጃ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚቀድመው በኪስ ውስጥ የቀለጠው ጣፋጭ ነው። ጣፋጩ የፐርሲ ስፔንሰር ነበር ይባላል፤ ይኸውም የሬይቲዮን ኩባንያ ኢንጂኒየር ሲሆን፥ ለራዳር የሚያገለግለው ማግኔትሮን ምግብ ሊያበስል እንደሚችል ተረድቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ጠየቀ። እኛ ግን ከጣፋጩ ይልቅ ስለ በሩ ለመጻፍ መርጠናል።

በ1947 የወጣው ምድጃ ቁመቱ ሰው የሚያህል፥ ክብደቱም ከ300 ኪሎ በላይ ስለ ነበር ከትልልቅ ወጥ ቤቶች በቀር የሚገዛው አልነበረም። በ1967 አማና የተባለው ኩባንያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን በ495 ዶላር ባቀረበ ጊዜ ግን መሣሪያው ሕፃናት ወደሚሮጡበት ቤት መግባት ጀመረ። ታዲያ በሩ ባይገጥምስ? ሞገዱ የበሬን ሥጋ ከሰው ሥጋ ለይቶ አያውቅም፤ ይልቁንም ዓይን ሙቀቱን የሚወስድለት ደም ስለሚያንሰው ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1968 የጨረር መቆጣጠሪያ ሕግ አወጣ። በዚሁ ሕግ መሠረት ከኦክቶበር 1971 ወዲህ የሚሠራ ምድጃ ሁሉ በሩ ሲከፈት ሞገዱን የሚያቋርጡ ሁለት መቆለፊያዎች እንዲኖሩት ታዘዘ፤ በ5 ሳንቲሜትር ርቀት ሲለካም የሚያፈሰው በዕድሜው ሙሉ በካሬ ሳንቲሜትር ከ5 ሚሊዋት እንዳይበልጥ ተወሰነ። የሞገዱ ርዝመት 12 ሳንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ በመስተዋቱ ላይ ያለው የብረት ወንፊት ያግደዋል፤ ብርሃን ግን ስለሚያልፍ ምግቡን እያየን እንጠብቃለን።

በሩ እንዲህ ከተጠበቀ በኋላ ጉዳቱ የቀረ ይመስላል። ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንደሚለው፥ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በጨረር ሳይሆን በተራ ቃጠሎ ነው። በለስላሳ ስኒ የሞቀ ንጹሕ ውኃ ሳይንፈቀፈቅ ከመፍያው መጠን ሊያልፍ ይችላል፤ ቡና ወይም ማንኪያ ሲገባበት ገንፍሎ ፊት ያቃጥላል። የሕፃን ጡጦም ከውጭ ለብ ብሎ ውስጡ ሊፋጅ ስለሚችል ተነቅንቆ በእጅ አንጓ ላይ ሳይቀመስ አይሰጥም። ይህን ምንም ዓይነት መቆለፊያ አይከለክለውም።

የመሥሪያ ቤቱ ምድጃ ደግሞ የሁሉም ስለ ሆነ የማንም አይደለም። አንዱ በሩ ላይ ይደገፋል፥ በጠርዙ የተጋገረውን ስብ የሚጠርግ የለም። ማጠፊያው የተጣመመ ምድጃ በፋብሪካ የተለካው ምድጃ መሆኑ ቀርቷልና ሶኬቱን ነቅሎ ባለሙያ መጥራት ነው። ሶኬቱ ተነቅሎም እንኳ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ለመግደል የሚበቃ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፥ ካቻቪቴ ይዞ ልባሱን መፍታት የባለሙያው ሥራ ነው።