ማፈትለክ
«አፈተለከ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ከቢሮ የወጣ ምስጢራዊ ሰነድ ነው። በጥቃት መከላከል ጥናት ግን ጥቃት ሊያደርስ ያሰበ ሰው ዕቅዱን ለሦስተኛ ወገን መናገሩ፣ መጻፉ ወይም ፍንጭ መስጠቱ ማለት ነው። ዛቻ ለተጠቂው ለራሱ ሊደርስ ይችላል፤ ማፈትለክ ግን ለወንድም፣ ለጓደኛ ሹክ የሚባል ነው። በኤፍቢአይ ይሠሩ የነበሩት ሜሪ ኤለን ኦቱል ቃሉን የተጠቀሙበት ስለ ትምህርት ቤት ተኩስ ሲጽፉ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪዎች ፖል ጊል፣ ጆን ሆርጋንና ፔጅ ዴከርት የ119 ብቸኛ አሸባሪዎችን ታሪክ ሲያገላብጡ፣ ከ10 በ6ቱ ላይ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሐሳቡን አስቀድሞ ሰምቶ ኖሯል። (ታዲያ ምኑን «ብቸኛ» ሆኑ?) እንዲህ ያለ ወሬ ጆሮዎ ከገባ «ንዴት ነው፣ ይበርድለታል» ብለው አይለፉት፤ ለሚመለከተው ይንገሩ።