ባቡር ያለፋቸው ከተሞች

ሀዲድ ከመዘርጋቱ በፊት የሐረር ሲራራ ነጋዴ ቡናውንና ቆዳውን በግመል ጭኖ፣ ቆላውን አቋርጦ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ የዚያ ጥንታዊ መንገድ ዕድሜ አጠረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ለመድረስ ነበር። ዳገቱ ግን የሚቀመስ አልሆነም፤ ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ በዚያው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ለዘመናት የንግድ እምብርት የነበረችው ሐረር ገበያዋ ቁልቁል ሲወርድ አየች።

ስለ ቀድሞው ምድር ባቡር ስንተክዝ ይህን ባንዘነጋ ደግ ነው። የምንናፍቀው መስመር ራሱ የሌላውን እንጀራ ዘግቶ የመጣ ነው።

ሥራውን የያዘው የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወደቀና ሥራው በሌላ ኩባንያ ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ሰባት መቶ ሰማንያ አራት ኪሎ ሜትር፣ የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። በጥንቱ ጊዜ በቀን እንጂ በሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ዝግታው ለየመንደሩ ሲሳይ ነበር። አዲጋላ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ መኢሶ፤ ባቡር በቆመበት ሁሉ ውኃ፣ ወተት፣ ፍራፍሬ የሚሸጥ ይሰበሰባል።

ከዚያ የከባድ መኪና ፉክክር መጣ፤ የኦጋዴን ጦርነት ድልድዮቹን ጎዳ፤ በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ገደል ገብቶ ከአራት መቶ በላይ ሰው አለቀ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ጉዞው ተቋረጠ። ሀዲዱም በአንዳንድ ቦታ ተነቀለ፣ ወይም ከአስፋልት ሥር ገባ።

ለአዲስ አበባው የለገሃር ባቡር ጣቢያ ሕንፃ ብዙም አልሰጋም፤ ሐውልትን የሚያስታውስ አይጠፋም። የምሰጋው ለድሬዳዋው የጥገና ጋራዥ ነው። የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ሎኮሞቲቮች በዚያ ቆመዋል፤ ጡረታ የወጡ የሸመንደፈር (የምድር ባቡር) ሠራተኞች እንግዳ ሲመጣ ማሽኑን አንድ በአንድ ያስረዳሉ። ታሪኩን የሚወዱ ወጣቶችና ፎቶግራፍ አንሺዎችም ወደ እነርሱ ይሄዳሉ። ሰው በሕይወት ሳለ ሙያው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከኤርትራ መማር ይቻላል፦ በጦርነቱ ሀዲዱ ለምሽግ ሥራ ከተነቀለ በኋላ፣ የምጽዋና የአስመራውን መስመር መልሰው የዘረጉት በአብዛኛው በጡረታ ላይ የነበሩ የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ያን ጊዜ ባይጠሩ ኖሮ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠራ ባልተገኘ።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ መስመር አለን። ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው፤ የመንገደኛው ባቡር የሚቆምባቸውም ቦታዎች ከቀድሞው ያነሱ ናቸው። ሐረርን የገጠማት ዛሬ በትንሹ የድሬዳዋ መሐል ከተማን ገጥሟታል። ነገ ደግሞ የየትኛው ከተማ ተራ እንደሆነ ወራሾቻችን ያዩታል።

እስከዚያው ቀላሉ ሥራ የጡረተኞቹን ድምፅ መቅዳት ነው። የኩባንያው መዛግብት በአብዛኛው የተጻፉት በፈረንሳይኛ ነው፤ ጽሑፉን ከብረቱ ጋር አገናኝቶ ይህ የየትኛው ሎኮሞቲቭ፣ ያ የየትኛው ድልድይ ጥገና ነው ብሎ የሚያነብልን ዛሬ ከእነርሱ ሌላ ብዙ ሰው የለም።