ዓሣውና ሸንጎው

በቦስተን ከተማ የማሳቹሴትስ ሕዝብ እንደራሴዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ውስጥ ከእንጨት የተቀረጸ አንድ ትልቅ ዓሣ ከላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ኮድ የሚባለው ዓሣ ምስል ነው። እንዲሰቀል በ1784 ሐሳብ ያቀረበው ጆን ሮው የተባለ ነጋዴና እንደራሴ ነበር (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን)። የአገሩ ሀብት የተገነባው በኮድ ንግድ ስለሆነ ሕግ አውጪው ቀና ባለ ቁጥር ይህን እንዳይረሳ ነው ነገሩ። በ1933 የሃርቫርድ ተማሪዎች ይህንኑ ዓሣ ከአዳራሹ ሰርቀው ከተማውን አሸበሩት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ተመለሰ። ተማሪ የትም አገር ተማሪ ነው!

የእንጨቱ ዓሣ ተመለሰ። እውነተኛው ኮድ ግን ከዚያው ከተማ ማዶ ካለው ባሕር በኋለኞቹ ዘመናት ሲመናመን የመለሰው አልተገኘም። የሚያስገርመው ደግሞ በስውር አለመጥፋቱ ነው። የመመናመኑ ታሪክ ትልቅ ክፍል የተጻፈው በሩ ክፍት በሆነ ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ፣ በድምፅ ብልጫ ነው።

ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ዓሣ ምን አገባን? የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን የዓሣ ብቻ አይደለም። የጋራ የሆነን ሀብት፣ ግጦሽም ይሁን ደን፣ ሐይቅም ይሁን ምንጭ፣ ተጠቃሚዎቹ ተሰብስበው በምክክር ሊጠብቁት ይችላሉ ወይ? ነው ጥያቄው። በመካከላችን አንዳንዱ ሕዝብ ከተሰበሰበ አይሳሳትም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ስብሰባ ወሬ ነው፣ ባለሙያ ይወስን ይላል። የሰሜን አትላንቲክ ታሪክ ለሁለቱም ወገን መልስ አለው፤ መልሱም ሁለቱንም ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

ከማሳቹሴትስ ጠረፍ በስተምሥራቅ ጆርጅስ ባንክ የሚባል ከባሕር በታች የተዘረጋ ሰፊ ከፍታ አለ። ውሃው ጥልቀት የለውም፣ የተለያዩ የውቅያኖስ ሞገዶች ይደባለቁበታል፣ ስለዚህ ዓሣው የሚበላው እንደ ልብ ነው። የግሎስተርና የኒው ቤድፎርድ አጥማጆች ለብዙ ትውልድ የኖሩት በዚያ ነው። በ1954 ብሪታንያ ፌርትራይ የተባለችውን መርከብ ባሕር ላይ አወጣች፤ ዓሣውን በመረብ ጎትታ፣ እዚያው አርዳና አቀዝቅዛ በሆዷ የምታከማች ተንሳፋፊ ፋብሪካ ነበረች። ሌሎችም ተከተሉ። በ1960ዎቹ የሶቪየት ኅብረት፣ የፖላንድ፣ የምሥራቅ ጀርመንና የስፔይን መርከቦች ጆርጅስ ባንክን ሞሉት። በ1965 ብቻ ሀዶክ ከሚባለው ዓሣ 150 ሺህ ቶን ያህል ወጣ። ከዚያ በኋላ ሀዶኩ ተንኮታኮተ። በ1949 ውል የተቋቋመ የሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ዓለም አቀፍ የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ነበረ፤ ነገር ግን እዚያ የሚቀመጡት የመንግሥታት መልእክተኞች ነበሩ፤ አጥማጁ ውሳኔውን ከወደብ ላይ ይሰማል እንጂ አይካፈልበትም።

የአጥማጆቹ ቁጣ እስከ ዋሽንግተን ደረሰ። አፕሪል 13 ቀን 1976 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ አዲስ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በኋላ የሁለት ሴናተሮችን፣ የዋረን ማግኑሰንንና የቴድ ስቲቨንስን ስም ይዟል። ከማርች 1 ቀን 1977 ጀምሮ ከጠረፉ እስከ 200 የባሕር ማይል ያለው ዓሣ በአሜሪካ ሥልጣን ሥር ሆነ። የውጭ መርከብ በፈቃድ ካልሆነ አያጠምድም።

ሕጉ ከዚህ የባሰ ድፍረት ነበረው። ባሕሩን ለአንድ ሚኒስቴር ብቻ አልሰጠም። አገሩን በ8 ክልል ከፍሎ በየክልሉ አንድ የዓሣ ሀብት ምክር ቤት አቋቋመ። በምክር ቤቱ የክፍላተ ግዛቱ የዓሣ ኃላፊዎችና የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ተጠሪ ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱም ጋር ገዢዎች የሚጠቁሟቸውና የንግድ ሚኒስትሩ የሚሾማቸው ዓሣን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ ራሳቸው አጥማጆች ወይም የዓሣ ነጋዴዎች ናቸው። ስብሰባው አስቀድሞ በአዋጅ ይነገራል፣ በሩም ለማንም ክፍት ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ወደ ማይክሮፎኑ ቀርቦ፣ የሚያቀርበው ሐሳብ ካለው ያቀርባል። ከዚያ ሐሳብ ይደገፋል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ዕቅዱ ለሚኒስትሩ ይላካል። የመጨረሻው ፊርማ የሚኒስትሩ ነው። በወረቀት ሲታይ እንዲህ ያለ ሸንጎ ማን ይጠላል?

የኒው ኢንግላንድ ምክር ቤት በ1977 ሥራ ሲጀምር ለኮድ፣ ለሀዶክና ለአንድ የፍላውንደር ዓይነት የቶን ገደብ፣ ማለትም ኮታ አወጣ። ኮታው ለሁሉም በጋራ ነው፤ ሲሞላ ባሕሩ ይዘጋል። እንግዲህ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የተባለው እዚህ ላይ ደረሰ። ጎረቤቱ ሳይቀድመው ለማጥመድ ሁሉም ተሽቀዳደመ። ኮታው ቶሎ ቶሎ አለቀ፣ ባሕሩ ተዘጋ። ከዚያ ኮዱን በሌላ ዓሣ ስም ማስመዝገብ፣ ቁጥሩን ማሳነስ መጣ። ስብሰባው በቁጣ ሞላ። የውጭ መርከብ ተባሮልን፣ አሁን ደግሞ የገዛ መንግሥታችን ያባርረናል እንዴ? ነበር የጩኸቱ ፍሬ ነገር።

በ1982 ምክር ቤቱ ኮታውን አነሳ። የቀረው የመረብ ዓይን ስፋትና የሚያዘው ዓሣ ትንሹ ርዝመት ብቻ ነው። ምን ያህል ይውጣ? የሚለው ጥያቄ ከጠረጴዛው ላይ ተነሣ። በዚያው ጊዜ መንግሥት በብድር ዋስትናና በቀረጥ ማቃለያ አዳዲስ መርከቦች እንዲሠሩ ያበረታታ ነበር። ስለዚህ የሶቪየት መርከብ የለቀቀውን ቦታ የአገሬው መርከብ፣ ያውም ብርቱ ሞተርና ዓሣ የሚያይ መሣሪያ የታጠቀው፣ ያዘው። በ1984 የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ዳኞች ጆርጅስ ባንክን ለአሜሪካና ለካናዳ ሲያካፍሉ ደግሞ የቀረው ስፍራ ይበልጥ ጠበበ።

እነዚያ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ማለታችን ነው? አይደለም። ብዙዎቹ ባሕሩን የሚወዱ ናቸው። ነገር ግን የመርከቡ ዕዳ በየወሩ ይመጣል፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በአዳራሹ ውስጥ የሚናገረው የዛሬው ባለ ዕዳ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ የሚያጠምደው ልጅ ወንበር የለውም። ዓሣውም ማይክሮፎን አይዝም። በስብሰባው ያለው ሰው ሁሉ እውነቱን ቢናገር እንኳ ድምሩ እውነት ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ዋጋውን የሚከፍለው ወገን በስብሰባው የለም። ከዚህም ሌላ፣ ትንሿን ጀልባ የሚነዳ ሰው ለስብሰባ ሲመጣ የዚያን ቀን ገቢ ይተዋል። የትልቁ ኩባንያ ተጠሪ ግን ደመወዝ የሚከፈለው እዚያው ሊቀመጥ ነው። በሩ ለሁለቱም እኩል ክፍት ነው፤ ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ግን እኩል አይደለም።

ታዲያ ለባለሙያ መተው ይሻላል? ለሚል ደግሞ ከዚያው ባሕር ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ የካናዳን ኒውፋውንድላንድ ይመልከት። በካናዳ ሥልጣኑ የሚኒስትሩ ነው፤ የሚመክሩትም በዋናነት የመንግሥት ሳይንቲስቶች ነበሩ። በ1980ዎቹ በጠረፍ አጠገብ በትንንሽ ጀልባ የሚያጠምዱት ሰዎች ዓሣው እየቀነሰና እያነሰ መሄዱን ደጋግመው ተናገሩ። ማኅበራቸው በ1986 የራሱን ተመራማሪዎች አሠማርቶ የመንግሥት ግምት የተጋነነ ነው የሚል ጥናት አስወጣ፤ በ1989 ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። የሰማቸው የለም። መሥሪያ ቤቱ ከትልልቅ መርከቦች ውጤት ጭምር እየተነሣ ዓሣው ብዙ ነው ይል ነበር፤ ትልቁ መርከብ ግን የተረፈው ዓሣ የታጎረበትን ቦታ በመሣሪያ ፈልጎ ስለሚያገኝ ባሕሩ ባዶ እየሆነ እንኳ መረቡ ሙሉ ይመጣል። ጁላይ 2 ቀን 1992 ሚኒስትሩ ጆን ክሮዝቢ የሰሜኑን ኮድ ማጥመድ አገዱ። ከ30 ሺህ በላይ ሰው ሥራ አጣ። ለ2 ዓመት የታሰበው እገዳ በይፋ የተነሣው በ2024 ነው።

አንዱ ጋ ሸንጎው ክፍት ነበረ፣ ዓሣው አለቀ። ሌላው ጋ ቢሮው ዝግ ነበረ፣ ዓሣው አለቀ። የመጀመሪያው ስህተት ገደብ የሌለው ሸንጎ ነው፤ የሁለተኛው ስህተት ጆሮ የሌለው ባለሙያ ነው።

ወደ ኒው ኢንግላንድ እንመለስ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው እንዲሉ፣ መከራው መጣ። በ1991 አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ሕጉ ከልክ ያለፈ ማጥመድን ይከለክላል፣ መንግሥት ግን ሕጉን አላስከበረም ብሎ የንግድ ሚኒስትሩን ከሰሰ። ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ ምክር ቤቱም የማዳኛ ዕቅድ ለማውጣት ተገደደ። ዕቅዱ በ1994 ሲደርስ ዓሣው ቀድሞ ተጎድቶ ነበርና አልበቃም። በዲሴምበር 1994 በጆርጅስ ባንክና በአካባቢው በጠቅላላው 17 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር የኮድና የሀዶክ መረብ እንዳይጣልበት ተዘጋ። ከመዘጋቱ በኋላ ስካሎፕ የሚባለው ባለ ዛጎል ፍጥረት ተትረፈረፈ፤ ሀዶኩም ከዓመታት በኋላ አገገመ። ኮዱ ግን አልተነሣም። የባሕሩ መሞቅም ተጨምሮበት፣ በ2014 እንኳ ለሜይን ባሕረ ሰላጤ ኮድ አስቸኳይ ገደብ ማውጣት ግድ ሆኗል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ሕጉ ሲሻሻል ነው። በ1996 የተጎዳ ዓሣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያገግም የሚያስገድድ አንቀጽ ገባ። የ2006ቱ ማሻሻያ፣ በጃንዋሪ 2007 የተፈረመው፣ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። እያንዳንዱ ምክር ቤት የሳይንስ ኮሚቴ አለው፤ በዓመት የሚጠመደው መጠን ይህ ኮሚቴ ካስቀመጠው ጣሪያ ሊያልፍ አይችልም። ድምፅ ቢሰጥም፣ አዳራሹ ቢጮህም አያልፍም። ከጣሪያው በታች ግን ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን መረብ ያጥምድ? የሚለው የሸንጎው ነው። ስንት? የሚለውን ለተፈጥሮ፣ ለማን? የሚለውን ለሰው ሰጠው እንበል።

ይሁንና ለማን? የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በ2010 በኒው ኢንግላንድ ድርሻው በቡድን ለተደራጁ ባለ ፈቃዶች ሲከፋፈል መለኪያው ቀደም ባሉት ዓመታት የተያዘው ዓሣ መጠን ነበር። ብዙ ያጠመደ ብዙ ተሰጠው፤ በመከራው ዓመታት ራሱን የገታው ወይም ወደ ሌላ ዓሣ የዞረው ባለ ትንሽ ጀልባ ጥቂት ደረሰው። አንዳንዱም ድርሻውን አከራይቶ ጀልባውን አሰረ። ዓሣን ለማዳን የወጣ ሥርዓት አጥማጁን ሳያድን ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

በዚሁ ጥያቄ ላይ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የሆነው አስተማሪ ነው። የዚያ አገር ነባር ነገዶች በ1854 እና በ1855 ውል መሬታቸውን ሲለቁ፣ በለመዱት ቦታ የማጥመድ መብታቸውን ግን አልለቀቁም ነበር። ክፍለ ግዛቱ ከመቶ ዓመት በኋላም ሳልመን ሲያጠምዱ ያስራቸው ነበር፤ ከኒስኳሊ ነገድ ቢሊ ፍራንክ ከ50 ጊዜ በላይ ታስረዋል። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት፣ በውሉ ቦታዎች ለማጥመድ ከሚፈቀደው ሳልመን ነገዶቹ እስከ ግማሽ ድረስ ድርሻ አላቸው ብሎ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1979 ፍርዱን በአብዛኛው አጸና። በ1996 ደግሞ ሕጉ በፓሲፊክ ምክር ቤት ለነገዶቹ አንድ ባለ ድምፅ ወንበር ደነገገ። ልብ እንበል፤ ወንበሩ የተገኘው ሸንጎው ራርቶ አይደለም። አስቀድሞ መብቱ ታወቀ፣ ወንበሩ ተከተለ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ምንድን ነው? ስብሰባ መጥራት ብቻውን ዲሞክራሲ አይሆንም፤ በር መክፈትም ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። ስብሰባ የሚያፈራው ሁለት ነገር አስቀድሞ ሲታሰር ነው፤ ተፈጥሮ የምትችለው ልክ በድምፅ ብልጫ እንዳይሻር፣ ደካማውም ወገን በልመና ሳይሆን በመብት እንዲቀመጥ። እነዚህ ሲጎድሉ ስብሰባው የጠንካራውን ምኞት በሁላችን ስም ይፈርምልናል። እነዚህ ሲሟሉ ግን ባለሙያው ከቢሮው ሆኖ ፈጽሞ የማያየውን፣ በጠረፍ ያለው ሽማግሌ ስለ ዓሣው ማነስ የሚናገረውን ቃል የሚያሰማ ሌላ ቦታ አናውቅም።

ነገ ከነገ ወዲያ በየሄድንበት ሥራ፣ በሐይቅ ዳር ይሁን በደን አጠገብ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እንዲወስን የሚጠራ ወረቀት መፈረማችን አይቀርም። ያን ጊዜ አዳራሹ ሞላ ወይ? ብለን ብቻ አንጠይቅ። ማን ቀረ? ለምንስ ቀረ? ብለን እንጠይቅ፤ በድምፅ የማይነካውስ ነገር የቱ እንደሆነ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እንወስን።