ዘውድ ያልደፉት የየጁ ራሶች

ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ወደ ውጫሌ የሚያቀና መንገደኛ፣ በግራና በቀኙ የተዘረጋውን የሀብሩን ማሳና ኮረብታ ሲያይ፣ ይህ የማሽላና የፍራፍሬ ሀገር በዘመነ መሳፍንት ሰባ ዓመት ያህል በጎንደር ዙፋን ማን እንዲቀመጥና ማን እንዲወርድ ይወስኑ የነበሩት ራሶች የወጡበት የየጁ ምድር መሆኑን የሚያስታውሰው እምብዛም አያገኝም።

ወረ ሼህ የተባለው ይህ ቤት ከእስልምና ወደ ክርስትና በመጣው በታላቁ ራስ አሊ ጓንጉል ሥልጣን ያዘ፤ በራስ ጉግሣም ዘመን መናገሻውን በደብረ ታቦር አጸና። ከእነዚህ ራሶች አንዱም ዘውድ አልደፋም። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ቤተ መንግሥት በስም ነግሦ ይቀመጣል፣ ጦሩና ፍርዱ ግን በእንደራሴው በራሱ እጅ ነው። ይህ ሥርዓት የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዘመን በደቡብ አሜሪካ በአርጀንቲና፣ በሰፊው ሜዳ ፈረሰኞች የተደገፈው ጄኔራል ሁዋን ማኑኤል ደ ሮሳስ የቦነስ አይረስ አገረ ገዢ ብቻ እየተባለ፣ የፕሬዚዳንትነት ስም ሳይዝ ሀገሩን በሙሉ አስገብሮ ነበርና።

የየጁ ኃይል ፈረስ ነበረ። በ1823 ዓ.ም. በደብረ አባይ ራስ ማርዬ ከትግሬው ገዥ ከደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋር በተጋጠሙ ጊዜ፣ ሰባጋዲስ ብዙ ነፍጥ አሰልፈው ሳለ የየጁ ፈረሰኛ ድል አደረገ፤ ሆኖም ራስ ማርዬ በዚያው በጦር ሜዳ ወደቁ፣ ሰባጋዲስም ተማርከው ተገደሉ። ሹመቱን የወረሱት ራስ ዶሪ ጥቂት ወር ብቻ ቆይተው ሲሞቱ፣ ገና ብላቴና የነበሩት ዳግማዊ ራስ አሊ ተተኩ፤ ስለ ልጅነታቸውም የመንግሥቱን ነገር በብዙው የሚመሩት እናታቸው ወይዘሮ መነን ሊበን ነበሩ፣ እርሳቸውም በኋላ እቴጌ ተባሉ።

በ1834 ዓ.ም. በደብረ ታቦር የሆነው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቅ ነው። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ፣ አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ወደ ራሳቸው ወገን ስበው፣ በራስ አሊ ላይ ዘመቱ፤ ውጊያውም በውቤ ድል ተፈጸመና ራስ አሊ ከሜዳው ሸሹ። ውቤ በድንኳናቸው ሆነው የድሉን ግብር ሲያበሉ፣ ከራስ አሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ድል አድራጊውን በማዕዱ ላይ ማረኳቸው። ጸሐፍት ይህን የዕድል ነገር አድርገው ይተርኩታል፤ እኔ ግን ተሸንፎ የተበተነ ጦር በአንድ ቀን ውስጥ መልሶ መምታቱን የዕድል ብቻ አድርጎ መቁጠር ለብሩ አሊጋዝ የሚገባውን ክብር መንፈግ ይመስለኛል። የእነዚህን ራሶች ስም በአብዛኛው የጻፉልን ሃይማኖታቸውን በጥርጣሬ ይመለከቱ የነበሩ የጎንደር ካህናት መሆናቸውንም አንባቢ ሊዘነጋው አይገባም።

ሮሳስ በ1844 ዓ.ም. በካሴሮስ ተሸንፎ ወደ እንግሊዝ ሀገር ተሰደደ። በዓመቱ ራስ አሊም በጎጃም ምድር በአይሻል፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን በዳሩለት በካሳ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባለው፣ ድል ተነሡ፤ የሸሹትም ባሕር ተሻግረው ሳይሆን ወደ አባቶቻቸው ሀገር ወደ የጁ ነው።

የቤቱ ዘር ግን በዚያ አላከተመም። ከራስ ጉግሣ የሚወለዱት ጣይቱ ብጡል የዐፄ ምኒልክ እቴጌ ሆኑ፣ ወንድማቸው ራስ ወሌም የጁን ገዝተው በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ዘመቱ። የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩትና በኋላ በጌምድርን የገዙት፣ በንጉሥ ተፈሪ መኰንን ላይ ተነሥተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም በራስ ሙሉጌታ ከተመራው የመንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ፣ አውሮፕላን ከላያቸው መጥቶ አስቀድሞ የውግዘት ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለባቸው፤ እርሳቸውም በጦር ሜዳው ተገደሉ። ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ።