ኩዌሪሴት፦ ገና ያልተላከ ጥያቄ
እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ በተለቀቀው ጃንጎ በተባለው የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ውስጥ «ኩዌሪሴት» የሚለውን ቃል ብዙ ጀማሪዎች «ከዳታቤዝ የመጣ ዝርዝር» አድርገው ይረዱታል። ትክክለኛ ፍቺው ግን ገና ያልተላከ ጥያቄ ነው። ፊልተር ብሎ መጻፍ ብቻውን ዳታቤዙን አይነካም፤ ጥያቄው የሚሄደው ውጤቱ በፎር ሉፕ ሲዞርበት፣ ሲቆጠር ወይም ወደ ሊስት ሲቀየር ነው። ይህን ልዩነት መሳት ዋጋ ያስከፍላል። 100 መጻሕፍትን በአንድ ጥያቄ አምጥተን በሉፑ ውስጥ የየደራሲውን ስም ብንጠራ፣ ጃንጎ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሌላ ጥያቄ ይልካል፤ በድምሩ 101። ኮዱ ሲነበብ ንጹሕ ነው፣ የስህተት መልእክትም አያወጣም፤ ገጹ ግን ይንቀረፈፋል። ሰሌክት ሪሌትድ ሲጨመርበት የመጻሕፍቱና የደራሲዎቹ ሰንጠረዦች በጆይን ተገናኝተው ሁሉም በ1 ጥያቄ ይመጣል።

«ታዲያ ጃንጎ ጥያቄውን ለምን ወዲያው አይልከውም?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። መዘግየቱ ጉድለት አይደለም፤ በፊልተር ላይ ፊልተር፣ በላዩም ቅደም ተከተልና ገደብ ደራርበን በመጨረሻ አንድ ኤስኪውኤል ብቻ እንድንልክ የሚያስችለን እሱ ነው። «ገጹን የሚያንቀረፍፈው የኢንዴክስ አለመኖር ነው» የሚሉም አሉ። አንዳንዴ ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ኢንዴክስ እያንዳንዱን ጥያቄ ያፈጥናል እንጂ የጥያቄዎቹን ብዛት አይቀንስም። ስለዚህ ዲበግ በበራበት የሙከራ ኮምፒውተር ላይ የተላኩትን ጥያቄዎች የሚመዘግበውን ኮኔክሽን ኩዌሪስን ከፍቶ መቁጠር ይቀድማል፤ ያው ኤስኪውኤል በደራሲው መለያ ቁጥር ብቻ እየተለያየ ተደጋግሞ ከተገኘ፣ መታረም ያለበት ሉፑ የሚዞርበት ኩዌሪሴት ነው።