የጂስ ቤንድ ድሪቶ

በእኛ ቋንቋ ድሪቶ ስድብ ነው። ከልብስነት ወጥቶ ገና ጨርቅነቱን ያልለቀቀ፣ ድሃው እራፊ በእራፊ ላይ እየጣፈ የሚለብሰው ነገር ድሪቶ ይባላል። ከየመጽሐፉ ቀነጫጭቦ ያመጣውን የሴሚስተር ጽሑፍ አስተማሪው «ይኼ ድሪቶ ነው» ብሎ የመለሰለት ተማሪም በመካከላችን ጥቂት አይደለም። እኛም ቀምሰናታል! ነገር ግን መደረት የሴቶች ጥበብ፣ ጨርቁም የታሪክ መዝገብ የሆነበት አንድ መንደር አለ። መንደሩ በደቡብ አሜሪካ ሳይሆን በሰሜን አሜሪካ ደቡባዊ ግዛት፣ በአላባማ ይገኛል። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመንደሩ ስም ጂስ ቤንድ ነው። የአላባማ ወንዝ ዞሮ በሦስት ወገን የከበበው መሬት ነው። በ1816 ጆሴፍ ጂ የሚባል ሰው ከሰሜን ካሮላይና ባሮቹን ይዞ መጥቶ የጥጥ እርሻ አቋቋመበት፤ የቦታው ስም ከእሱ ቀረ። በ1845 ርስቱ በዕዳ ምክንያት ማርክ ፔትዌይ ለሚባል ዘመዳቸው ተላለፈ። ይህ ጌታ መቶ የሚሆኑ ባሮቹን ከሰሜን ካሮላይና እስከ አላባማ በእግራቸው ነዳቸው። ዛሬም በመንደሩ ፔትዌይ የሚባለው ሰው ብዙ ነው። ስሙ የጌታው ነው። የተጓዦቹን የየራሳቸውን ታሪክ ግን ተቀምጦ የጻፈላቸው አልነበረም።

ባርነት በ1865 ቀረ ቢባልም ነፃ የወጣው ሰው ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ዘሩን በዱቤ ይወስዳል፣ ጥጡን ያስረክባል፣ ሒሳቡ ሲሰላ ደግሞ ባለዕዳው ራሱ ነው። ለእኛ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። በ1932 ካምደን በምትባለው በአቅራቢያው ከተማ ዱቤ ይሰጣቸው የነበረ ነጋዴ ሞተ፤ ሚስቱም ዕዳውን ለማስከፈል ሰዎች ላከች። ከብቱ፣ ዶሮው፣ የእርሻ መሣሪያው፣ ለዘር የተቀመጠው እህል ሳይቀር ተጭኖ ሄደ። ያን ክረምት ቀይ መስቀል ምግብ ባይልክላቸው ኖሮ ብዙው ሰው ባለቀ ነበር።

ታዲያ ድሪቶው የመጣው ከዚህ ኑሮ ነው። ቤታቸው ከግንድና ከጣውላ የተሠራ ነበር፤ ነፋስ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ይለጥፋሉ። ብርድ ልብስ ከሱቅ መግዛት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሴቶቹ ያለውን ሁሉ ይደርታሉ።

ብርድ ልብሱ ሦስት ንብርብር አለው። ከላይ የተደረተው ፊት ነው፣ በመካከል ጥጥ ይገባል፣ ከሥር ገበሩ ነው። ጥጡ ከመዳመጫው ወለል የተጠረገ ውዳቂ ነው፤ አቧራው እስኪለቅ በዱላ ተደብድቦ ይነጠፋል። ገበሩም የማዳበሪያና የዱቄት ከረጢት ነው፤ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ተመልሶ ይሰፋል። ፊቱን አንዲት ሴት ለብቻዋ፣ ከእርሻና ከጓዳ በተረፋት ሰዓት፣ እንደ ልቧ ትደርተዋለች። በዚህ ማንም ጣልቃ አይገባባትም። ሦስቱ ተነባብረው በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ከተወጠሩ በኋላ ግን ጎረቤት ይጠራል። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው፣ መንፈሳዊ መዝሙር እየዘመሩ፣ እንደ ደቦ ይሰፉታል። ጥጡ ወደ አንድ ጥግ ተጠቅልሎ እንዳይሰበሰብ የሚይዘው ይህ የጋራ ስፌት ነው።

በጣም ከሚወዷቸው ንድፎች አንዱ «የቤት ጣሪያ» ይባላል። መካከል ላይ አንዲት አራት ማዕዘን እራፊ ትቀመጥና በዙሪያዋ ረዘም ረዘም ያለ ቁራጭ እየተቀጠለ፣ ካሬ በካሬ ውስጥ እየሆነ ይሰፋል። መጽሔታችን ቀለም ስለማያወጣ አንባቢ በሐሳቡ ይሳለው፦ መካከሏ ቀይ፣ ከዚያ የነጣ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ እንደገና ድንገት ቀይ። መስመሩ ቀጥ አይልም። «ሰነፏ ልጅ» የሚሉትም አለ፤ ረጃጅም ቁራጮችን ጎን ለጎን መግጠም ብቻ ነው። እኛ ግን ስንፍናው አልታየንም፤ መደበቂያ ጌጥ በሌለበት አንድ የተሳሳተ ቀለም ከሩቅ ይታያል። ከታወቀ ንድፍ ተነሥተው ወደ ራሳቸው ሲወስዱት «የእኔ መንገድ» ይሉታል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የያዘው ከሥራ ልብስ የተደረተው ነው። የእርሻ ቱታ ሲያልቅ ጉልበቱ ይነጣል፤ ኪሱ ሲተረተር ግን ከሥሩ ያለው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ጥቁር ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ድሪቶው ላይ ያንን የኪስ ጥላ ያየ ሰው፣ ልብሱን የለበሰው ሰው የት ተንበርክኮ ይሠራ እንደነበር፣ እጁን የት ይከት እንደነበር ያነባል። በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ባሏ ናትናኤል ሞተባት። የሥራ ልብሶቹን ሰብስባ፣ ቆርጣ፣ ብርድ ልብስ አደረገቻቸው። ሴት ልጇ አርሎንዚያ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደተናገረችው፣ እናቷ ያን ያደረገችው እሱን ለማስታወስና በፍቅሩ ሥር ለመተኛት ነው።

በ1930ዎቹ መጨረሻ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ፣ በኋላም በረጅም ጊዜ ብድር ለነዋሪው ሸጠ። እንዲያው ቀላል ነገር አይደለም፤ ጭሰኛው ባለመሬት ሆነ። ባለመሬት ደግሞ ቀና ብሎ ይሄዳል። የጂስ ቤንድ ሰው በመራጭነት ለመመዝገብ ወደ ካምደን መሻገር ሲጀምር፣ በ1962 የወንዙ መሻገሪያ ጀልባ እንዲቆም ተደረገ። በውሃው ጥቂት ደቂቃ የነበረው ጉዞ በመኪና ዙሪያውን አንድ ሰዓት ያህል ሆነ። በ1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ መጥቶ አስተማራቸው፤ ምዝገባውም ቀጠለ። መሬት የሌላቸው የአካባቢው ሰዎች ግን በዚሁ ምክንያት ከእርሻቸው ተባረሩ።

በ1966 ሴቶቹ በፍራንሲስ ዋልተር፣ በአንድ የኤፒስኮፓል ቄስ፣ እርዳታ «የነፃነት ድሪቶ ማኅበር» ብለን የምንተረጉመውን የኅብረት ሥራ አቋቋሙ። ድሪቷቸው ኒው ዮርክ ተወስዶ በጨረታ ተሸጠ። በ1972 ሲርስ ከሚባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ የመስፋት ውል አገኙ። እዚህ ላይ ግን ጣጣ መጣ፦ ገበያ አንዱ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ይፈልጋል፤ «የእኔ መንገድ» ለካታሎግ አይመችም። ደሞዙ ያስፈልጋልና ሠሩ። ትርፍራፊውን ኮርዶሮይ ግን ወደ ቤታቸው ወስደው እንደ ልባቸው ደረቱት! ማኅበሩ እስከ 2012 ቆየ።

በ1998 ዊልያም አርኔት የሚባል ሰብሳቢ መጥቶ ድሪቶዎቹን ይገዛ ጀመር። በ2002 በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ። ሃያስያን ከማቲስና ከክሌ ሥዕል ጋር አስተያዩአቸው። አክብሮቱን አንጠላውም። ሆኖም ማቲስን አይተው የማያውቁ ሴቶችን በማቲስ መለካት ምን ይባላል? ሌሎች ደግሞ «ችግር ነው ጥበበኛ ያደረጋቸው» ይላሉ፤ ይህም አይዋጥልንም። ችግር ብርድ ልብስ እንዲሠሩ አስገደዳቸው እንጂ ቀዩን ከቡናማው አጠገብ እንዲያኖሩ አላዘዛቸውም።

በ2007 ሦስት ሴቶች፣ ከሥራችን ከሚገኘው ገንዘብ የሚገባንን አላገኘንም ብለው ፍርድ ቤት ቆሙ። ተከሳሾቹ አስተባበሉ፤ ክሶቹም በ2008 ተዘጉ። ለልጅና ለባል ተብሎ የተሰፋ ነገር ዋጋ ሲወጣለት ዋጋው የማን ነው? እኛ በመካከላችን ስንከራከርበት አምሽተን አልተስማማንም። የሚዙሪ ፔትዌይ ብርድ ልብስ በአሁኑ ጊዜ በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ነው።

ከክሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ የአሜሪካ ፖስታ ቤት የጂስ ቤንድን ድሪቶ ምስል የያዙ አሥር ቴምብሮች አወጣ። ከ44 ዓመት በኋላ ጀልባው ወደ ካምደን መሻገር የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው።